ሕዝቡ እስኪጠግብ

አባቴ ራሳቸውን የገዘቱት ለሌለ ሕዝብ ብለው ነው። አትሳቁ። እኔም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ እስቅ ነበር፤ ያኔ ግን ሳቅ ከቤቴ ጥርግ ብሎ ወጥቶ ነበር። ዐይኔ እያየ አባቴን በረሃብ ልቀብራቸው ነበር። በዚህ ዘመን፣ በንፋስ መውጫ ከተማ፣ ጓዳዬ ውስጥ ሙሉ ጆንያ ጤፍ ተቀምጦ!

አባቴ ቄሰ ገበዝ ደምሌ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በአንድ የገጠር ደብር ሲቀድሱና የደብሩን ንብረት ሲጠብቁ ኖረው፣ እናቴ ስታርፍ እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። እኔ ካሣነሽ፣ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የገበሬውን ይዞታ ኮምፒዩተር ላይ የማስገባ ሠራተኛ ነኝ። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፤ ያሉኝ አባቴ ናቸው። እሳቸውም ያለኋቸው እኔ ነኝ። በ2007 የጥምቀት ሰሞን ደም ግፊታቸው አሻቅቦ ቀኝ ጎናቸውን መታቸው። ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኝተው ሲወጡ ቀኝ እጃቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ነበር።

እቤት እየመጣች የምታያቸው ነርስ ትንሽ የጎማ ኳስ ሰጠችን። እየጨበጡ ይልቀቁ፣ ጣቶቹ ካልሠሩ ይደርቃሉ አለች። አባቴ አንድ ቀን ጨበጡ። በማግስቱ ኳሷን በመስኮት ወረወሯት፤ በግራ እጃቸው ነው፣ አወራወራቸውም ለክፉ አይሰጥም ነበር።

"እኔ ሕፃን ነኝ? መስቀል የያዘ እጅ ጎማ ይጨብጥ?" አሉ።

መላውን ያመጣው እሱባለው ነው፤ የቢሯችን የአይቲ ባለሙያ። እሱባለው ከሥራ ሰዓት ይልቅ በምሳ ሰዓት የሚተጋ ልጅ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከተማ ይገነባላ። የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ባዶ መሬት ይሰጣችኋል፣ ጥቂት ሰዎች በጋሪ ይመጡላችኋል፤ ቤት ትሠሩላቸዋላችሁ፣ ማሳ ታሳርሷቸዋላችሁ፣ ጎተራ ትተክላላችሁ። እነሱም ይወልዳሉ፣ ይበዛሉ። ሁሉም በማውስ ነው። "አባትሽን ይኼን አስጀምሪያቸው፤ ጣታቸው ሳያስቡት ይሠራል" አለና አሮጌ ላፕቶፑን አዋሰኝ።

አባቴ መጀመሪያ አማተቡ። ቀጥለው በጎን አዩት። ቀጥለው "ቤተ ክርስቲያን የላቸውም?" ብለው ጠየቁ። አላቸው፤ ጣሪያው ላይ መስቀል ያለበት ትንሽ ጸሎት ቤት። የት ልትከልልዎ ብላቸው፣ ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው አንሥተው ማውሱ ላይ አስቀመጡት። በቃ፣ ከዚያን ቀን ወዲያ ቤታችን ሰው አገኘ።

በሦስት ወር ጠቋሚ ጣታቸው ታዘዘ። በስድስት ወር ብርጭቆ አነሡ። ከሥራ ስገባ "ዛሬ ሦስት ተወለዱ" ይሉኛል፤ "ያ ሰነፍ ዓሣ አጥማጅ አገባ" ይሉኛል። ሰዎቹን "ሕዝቤ" ነው የሚሏቸው። መንደሩ ሁለት መቶ ነፍስ ደርሶ ነበር። እኔ ምን ቸገረኝ? እጃቸው ዳነልኝ እንጂ ሺሕም ቢሆኑ ደስታዬ ነው።

ጥቅምት ላይ በጨዋታው ድርቅ ገባ። ያን ዓመት እኛም አገር ክረምቱ ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ሰዉ የሚያወራው ስለ እርዳታ ስንዴ ብቻ ነበር። ጨዋታው ግን ይህን አውቆ አይደለም፤ ድርቅ የሚልከው እንዲያው እንዲከብድ ብሎ ነው። ማሳው ደረቀ፣ ጎተራው ተራቆተ። በእያንዳንዱ ሰው ራስ ላይ ቀይ ባዶ ሳህን ታየ። አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ ስትሄድ መንገድ ላይ ወደቀች፤ በወደቀችበትም ትንሽ መስቀል በቀለ።

አባቴ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሡ። ነጠላቸውን አስመጡ፣ መስቀላቸውን አስመጡ። ድርቅ ሲገባ ምሕላ መያዝ የካህን ሥራ ነው፤ ይህንስ ማንም ያውቃል። እኔ ጸሎት ሊያደርሱ ነው ብዬ ቆሜ ሳይ፣ "በሥልጣነ ክህነቴ ራሴን ገዝቻለሁ፤ ይህ ሕዝብ እስኪጠግብ እህል አልቀምስም" አሉ።

"አባባ! ሥዕል እኮ ናቸው!"

"ሥዕል ፊት ቆመሽ አልቅሰሽ አታውቂም?"

ምን ትላላችሁ እስቲ? ያቀረብኩትን ራት አልነኩም። ቁርሱንም አልነኩም። ውኃና፣ ማታ ላይ አንድ ብርጭቆ ተልባ ብቻ፤ እሱንም እህል አይደለም ብዬ በልመና ነው። ተልባው ላይ ማር ጠብ አደረግሁበት፤ ቀምሰው መለሱልኝ። የደም ግፊት ኪኒኑን በባዶ ሆዳቸው ሲውጡት ዐይናቸው ይዞራል። ነርሷ መጥታ ለክታቸው ወደ ጓሮ ጠራችኝና፣ "ከዐሥር ቀን ካለፈ ልባቸው አይችልም። አንቺ ሴትዮ፣ አብያቸው!" ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ከልክያቸው የተቀመጥኩ ይመስል!

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባታችንን አባ አድማሱን እያለቀስኩ አመጣኋቸው። አባ አድማሱ መስቀላቸውን አውጥተው "ገበዝ፣ እኔ ፈትቼዎታለሁ፤ ይብሉ" አሏቸው።

"ቃሌ ሕዝቡ እስኪጠግብ ነው" አሉ አባቴ። "ጠገበ?"

አባ አድማሱ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ ብለው አዩ። ትክ ብለው አዩ። ከዚያ፣ እግዜር ይይላቸው፣ "አልጠገበም" አሉ።

"እርስዎም አባ!"

"ልጄ፣ ግዝት ግዝት ነው፤ በምን ምክንያት ተገዘተ ተብሎ አይናቅም። ሰውዬው ልባቸው ካላመነ መፍታቴ ምን ይረባል? ይልቅ መንደሩን አጥግቢው" ብለውኝ ወጡ። አጥግቢው! በአጥር በኩል ቆሎ እንደ ማቀበል!

ላፕቶፑን ተሸክሜ ቢሮ ገባሁ። እኔ ራሴ አጠግባቸዋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ዓሣ አጥማጅ ጨመርኩ፤ ወንዙ ደርቋል። አዳኝ ላክሁ፤ አውሬ የለም። እህል የሚገዛበት ንግድ ቤት ልሥራ ብዬ ሰዎቹን ድንጋይ ሳስፈልጥ፣ ተርበው የሚፈልጡት ሰዎች አንድ በአንድ ወደቁ። እሱባለው በትከሻዬ በኩል እያየ፣ "ካሡ፣ አንቺ እኮ ፈጀሻቸው" አለኝ። ዐሥራ አንድ ሰው ነው የገደልኩት፤ ከዐሥራ አንዱ አራቱ ሕፃናት ናቸው። ለአባቴ ምን ብዬ ላሳያቸው ነው ብዬ ጨዋታውን ባለበት አቆምኩት።

"ወደ ኋላ መልስልኝ።"

"አይመለስም። ጨዋታው የሚይዘው አንድ መዝገብ ብቻ ነው፤ በላዩ ላይ ነው የሚጽፈው። ከአዲስ ጀምሪላቸው።"

"አባቴ እኮ እነዚህን ነው ያሉት! ረሃቡን ማጥፊያ የለውም?"

እሱባለው ሳቀ። "ያለ ረሃብማ ምን ጨዋታ አለው? ጨው የሌለው ሽሮ!"

ደሜ ፈላ። "አንተ!" አልኩት፤ ቢሮው ሁሉ ዞር አለ። "ረሃብ ላንተ ጨው ነው? ቤትህ ግባና እናትህን በሰባ ሰባት ምን በልታ እንደ ተረፈች ጠይቃት! ከዚያ መጥተህ ስለ ሽሮ ታወራልኛለህ!"

ልጁ ሳቁን ተወ። እናቱ ያኔ ረሃብ ከፈጀው ከስማዳ የመጣች ናት፤ ጠይቆ የሚያውቅም አይመስለኝም። ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና፣ "ጨዋታውን የሚጫወቱ ሰዎች የሚጻጻፉበት ገጽ አለ። በይ አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ" አለኝ።

እንዲህ አልኩ፦ "አባቴ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። መንደራቸው ስለ ተራበ እህል አልቀምስም ብለዋል። ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። እባካችሁ፣ ረሃብ የሌለበት አጨዋወት ካለ አሳዩኝ፤ ከሌለም ሥሩልኝ። በረሃቡ መጫወት የሚፈልግ ይጫወት፣ አልከለክልም። ለማይችል ሰው ግን ማጥፊያ ይኑረው።"

በማግስቱ መልስ ጎረፈ። እሱባለው እየተረጎመ ያነብልኛል፤ መጥፎውን ሊዘል ሲል አውቄበት "አንብበው!" እለዋለሁ። አንዱ፣ ካልቻልሽ ሌላ ጨዋታ ፈልጊ ይላል። ሌላው፣ ረሃቡ የጨዋታው ልብ ነው፤ እሱን ያሸነፍኩ ቀን የተሰማኝን ደስታ አትንኩብኝ ይላል። ሦስተኛው፣ ጥሩ ተረት ፈጠርሽ ብሎ የሚስቅ ፊት ለጥፎበታል። አንዲት ሴት ብቻ፣ የየት አገር እንደ ሆነች እንጃ፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ዛፍ ብቻ እየተከልኩ ሰዎቹ ሲወጡ ሲገቡ ማየት ነው የምፈልገው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመንኳቸው፤ አባትሽን ሳሚልኝ ብላ ጻፈች። የጨዋታው ባለቤቶችም መለሱ፦ ሐሳብሽን ወደነዋል፣ ለሚቀጥለው እትም እናስብበታለን።

"እናስብበታለን! የሚቀጥለው እትም መቼ ነው?"

"ምናልባት በዓመቱ።"

በዓመቱ የአባቴ ሙት ዓመት እንዳይሆን!

ሰባተኛው ቀን ላይ አባቴ መቀመጥ አቃታቸው። ያ ስድስት ወር ለፍተን ያዳንነው እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቶ ዋለ። እኔ ሰው መሆኔ ቀረ። ላፕቶፑን ከፍቼ "ምን በድለናችሁ ነው?" ብዬ ኮምፒዩተር ላይ ጮህኩ። በስምንተኛው ቀን ዋሸኋቸው፤ ላፕቶፑን ዘግቼ "አባባ፣ ዘነበላቸው፣ ጠገቡ" አልኳቸው። "አሳዪኝ" አሉ። ባትሪው ዘግቷል አልኳቸው። "እንግዲያስ ሲከፈት አያለሁ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እግራቸው ሥር ተደፍቼ ለመንኳቸው። "እኔን አያዝኑልኝም? እኔ ሕዝብ አይደለሁም?" አልኳቸው። እንባቸው ወረደ እንጂ ፊታቸውን አልመለሱም። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ሰዓት ጠላኋቸው።

በዐሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እሱባለው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። "ካሡ ነይ! ነይ!" አንድ የማናውቀው ሰው ትንሽ ፋይል ልኮልናል። አብሮት የጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ "ሴት ልጄ ሰዎቹ ሲሞቱ እያለቀሰች ስላስቸገረችኝ ለሷ ብዬ የሠራሁት ነው። ረሃብ የሚል ቦታ ላይ ያለውን ምልክት አንሺው፤ ይቀራል።"

ፋይሉን በፍላሽ ይዤ በባጃጅ በረርኩ። ሰፈራችን መብራት ጠፍቷል። የላፕቶፑ ባትሪ ሩብ እንኳ የለውም። ፍላሹን ሰክቼ፣ እሱባለው በስልክ እየመራኝ ከፈትኩት። ምልክቱን ያለበት ቦታ አገኘሁት፤ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። አንድ ጊዜ ስነካው ጠፋ። ቀያዮቹ ሳህኖች ካንዱ ራስ በቀር ከሁሉም ራስ ላይ ጠፉ፤ ወዲያው እሱም ጠፋ። ጎተራው ሞላ። ሰዎቹ መንገድ ላይ መመላለስ ጀመሩ።

"አባባ! አባባ ይዩ! ጠገቡ!"

ትራስ ደግፌ ቀና አደረግኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩ። የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ቀስ ብለው ማሳውን አዩ፣ ወንዙን አዩ፣ ጎተራውን አዩ።

"ማሳው ደረቅ ነው" አሉ። "አልታጨደ፣ አልተወቃ። እህሉ ከየት መጣ?"

መዋሸት እችል ነበር። ደከመኝ። "ምልክት አለ አባባ። እሱን ሲያነሡት ረሃብ ይቀራል። አንድ ሰው ሠርቶ ላከልን።"

"ምልክቱን የሚያነሣው ማነው?"

"የሚጫወተው ሰው ነዋ። ከፈለገ ያነሣዋል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። እንደ ፈቃዱ ነው።"

"እንደ ፈቃዱ" አሉ። ደግመው "እንደ ፈቃዱ" አሉ። 

"በሰባ ሰባት የደብሩ የእህል ጉድጓድ ገብስ ሙሉ ነበር" አሉኝ።

አባቴ ስለ ሰባ ሰባት አንድ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። እኔ የተወለድኩት በሰባ ዘጠኝ ነው። ጠይቄያቸው ሲያልፉኝ፣ ያለፈ ክፉ አይነሣም ብለው ነው እያልኩ እተወው ነበር።

"የደብሩ አለቃ፣ ይህ የዘር ነው፣ የሚመጣውን ክረምት ሳናይ ጉድጓዱን የከፈተ የተወገዘ ይሁን ብለው ገዘቱኝ። ቦታውን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ነበርን። ኅዳር ላይ እሳቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰው ወደ ቅጽሩ ይመጣል። ገበዝ፣ የደብሩ እህል የለም ወይ ይለኛል። የለም እላለሁ። የጉድጓዱ መክደኛ ድንጋይ ላይ ቆሜ ነው የለም የምላቸው፣ ካሣነሽ። ግዝት አለብኛ። ግዝት እንዴት ይፈርሳል ብዬ።"

"ዘሩስ?" አልኩ።

"ሰኔ ላይ ከፈትኩት። ነቅዞ ዱቄት ሆኖ ነበር። ለዘር የሚሆን አንድ ቁና አልወጣውም።"

ላፕቶፑ ጠፋ፤ ባትሪው አለቀ። አባቴ ልብ አላሉትም። "አሁን እንኳ አብሬ ልራብ ብዬ ነበር" አሉ። ከዚያ እንባቸውን በዚያው በዳነው እጃቸው ጠርገው፣ "ሕዝቡ ጠግቧል፤ አይቻለሁ። ቃሌ ደርሷል። አምጪ" አሉኝ።

ነርሷ መጀመሪያ ቀጭን አጥሚት ነው የሚሰጣቸው ብላ ነግራኝ ነበር። ምን እንደሚሰማኝ ሳላውቅ አፈላሁት። ለብ ሲል አጠገባቸው ተቀምጬ በማንኪያ ሰጠኋቸው። የመጀመሪያውን ውጠው "ዘርፌ፣ የአናጢው ሚስት" አሉ። ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ሁለተኛውን ውጠው "የዘርፌ ትንሿ ልጅ" አሉ። ሦስተኛው ላይ "አበጀ አንካሳው" አሉ። ያኔ ገባኝ። ቅጽሩ ድረስ መጥተው፣ እህል የለም ብለው የመለሷቸውን ሰዎች ነበር የሚጠሩት። በየማንኪያው አንድ ስም። ላቆም ብል "ስጪኝ" ይሉኛል። "ዐይነ ስውሯ ፀሐይነሽ" አሉ። "መሪጌታ ያሬድ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ" አሉ።

ሳህኑ ሊያልቅ ሲል አንዱን ማንኪያ አፋቸው ውስጥ ብዙ አቆዩት። ከዚያ ዋጡት።

"ይርዳው" አሉ።

የሌሎቹን ማንነት አብረው ነበር የሚናገሩት፤ የዚህን ግን ዝም አሉ። "ይርዳው የማን ልጅ ነው አባባ?" አልኳቸው።

"የኔ። የእናትሽ በኩር። አምስት ዓመቱ ነበር።"

እኔ ብቸኛ ልጃቸው ነኝ ብዬ ነው ያደግሁት። እናቴ ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራ፣ አንድ ቀን ይህን ስም ሳትጠራው ነው የሞተችው። እሷ ጉድጓዱን ታውቅ ነበር? ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ፣ መልሱን ፈርቼ ዘጋሁት።

ማንኪያው እጄ ላይ እንዳለ ቀረ። ዐሥር ቀን ሙሉ ይብሉልኝ ብዬ እግራቸው ሥር የተደፋሁላቸው አባቴ፣ አፋቸውን እንደ ሕፃን ከፍተው ይጠብቁኛል። ዐይናቸውን ጨፍነዋል። እጄ ግን አልነሣ አለኝ።

"ጨምሪልኝ ልጄ፣ ገና ብዙ አሉ" አሉ።

ምን ላድርግ፣ አጎረስኳቸው።